የሰው የሳል ሽሮፕ ለውሻ ይሰጣል? ከለገጣፎ የመጣ ጥያቄ

ጠያቂ፣ ለገጣፎ
ሰላም ለሁላችሁ። ከአሜሪካ ይዘናት የገባነው ውሻ 12 ኪሎ ናት። ደረቅ ሳል ይዟታል፣ ማታ ማታ ይብስባታል፤ ምግቧን ግን ትበላለች። ቤት ውስጥ ሮቢተሲንና ናይኩዊል የሚባሉ የሰው የሳልና የጉንፋን ሽሮፖች አሉ። የትኛውን፣ ስንት ልስጣት? እህታችሁ።

የእንስሳት ሐኪም፣ ቢሾፍቱ
እህታችን፣ ናይኩዊሉን ጨርሶ ይተዉት። ፈሳሹ በ30 ሚሊ ሊትር ውስጥ 650 ሚሊ ግራም አሴታሚኖፌን አለው፤ እዚህ ፓራሲታሞል የምንለው ማለት ነው። ሲበዛ የውሻን ጉበት ይጎዳል። አልኮልም አለበት።

ለውሻ ሊታሰብ የሚችለው ሳል የሚያፍነው ዴክስትሮሜቶርፋን ብቻ ያለበት ሽሮፕ ነው። ሮቢተሲን በአንድ ስም ብዙ ዓይነት ስለሆነ የፊቱን ትተው የጀርባውን ጽሑፍ ያንብቡ። አፍንጫ ይከፍታል የሚባል ነገር ከተቀላቀለበት አይሆንም። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ፕሴዶኤፌድሪን በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ገደማ ሲደርስ ውሻን ያንቀጠቅጣል፣ ልብ ያስሮጣል፤ ከ10 እስከ 12 ሲደርስ ሊገድል ይችላል። ባለ 60 ሚሊ ግራም አንዲት ክኒን ለእርስዎ ውሻ በኪሎ 5 መሆኗ ነው። ኢቡፕሮፌን፣ ካፌይንና ኮዴን ያለበትም አይሰጥ።

የዴክስትሮሜቶርፋን መጠን በኪሎ ከ0.5 እስከ 2 ሚሊ ግራም፣ በየ6 ወይም በየ8 ሰዓቱ ነው። ከታችኛው ይጀመራል፦ 12 ኪሎ በ0.5 ሲባዛ 6 ሚሊ ግራም። ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር 15 ሚሊ ግራም ካለው 2 ሚሊ ሊትር፣ 10 ሚሊ ግራም ካለው 3 ሚሊ ሊትር ይሆናል። የሕመም ማስታገሻውን ትራማዶል ወይም የድብርት መድኃኒቱን ፍሉኦክሰቲን የምትወስድ ከሆነ፣ ወይም በቅርቡ አሚትራዝ በሚባለው የመዥገር መድኃኒት ከታጠበች፣ ጭራሽ አይሰጣትም። እውነቱን ለመናገር፣ ውሻ ላይ ያን ያህል የሚያረካ መድኃኒትም አይደለም። ከመጀመሪያዋ ጠብታ በፊት የሚያያት ሐኪም ያነጋግሩ።

ፋርማሲስት፣ ሰሚት
ስለ አሰጣጡ ልጨምር። የቤት ማንኪያ አንዱ ከሌላው ስለሚለያይ መርፌው የወጣለት ሲሪንጅ ተጠቀሚ። ክብደቷን በግምት አትያዢ፤ አቅፈሻት ሚዛን ላይ ውጪ፣ ከዚያ የራስሽን ቀንሺ። ሽሮፑን በጉንጯና በጥርሷ መሃል ቀስ እያልሽ ጨምሪ። አንገቷን ወደ ላይ ካቀናሽው ወደ ሳንባ ይገባል፤ ያኔ ሳሉ የሳንባ ምች ሆኖ ቁጭ ይላል።

የእንስሳት ሐኪም፣ ቢሾፍቱ
አክታ ያለውን፣ እርጥብ ሳል ማፈን አይገባም፤ አክታው ሳንባ ውስጥ ይቀራል። ከጉዞው በፊት ከሌሎች ውሾች ጋር ያደረች ከሆነ፣ ቦርዴቴላ የሚባል ባክቴሪያና ቫይረሶች የሚያመጡት ተላላፊ ሳል ከ2 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ይለቃል። ዕድሜዋ ከገፋ ግን የማታ ሳል የልብም ሊሆን ይችላል። ስትተኛ ትንፋሿን ለአንድ ደቂቃ ይቁጠሩ፤ በተደጋጋሚ ከ30 ካለፈ ሽሮፕ መፈለግ ትተው ወደ ሕክምና ይሂዱ። አካባቢያችሁ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ልቧ ወይም ሳንባዋ የደከመ ውሻ ከቆላ ይልቅ እዚህ ይከብዳታል።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። አጥንት የታነቀ የሚመስል፣ መንጋጋው የወረደ፣ ለሃጩ የሚዝረከረክ፣ ጩኸቱ የተለወጠ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። የሷ አይመስልም፤ የሰፈሩ ውሻ ግን በየበሩ ነው፣ ክትባቷም መታየት አለበት። እንዲህ ያለውን ውሻ አፉን አትክፈቱ፣ ሲሪንጅም አታስጠጉ። ለሃጩ ቁስል ከነካ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ታጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ነው።

ነዋሪ፣ ሰንዳፋ
በበጋ የእኛ መንገድ አቧራ ነው፣ ላዩ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ አለ። ማታ ከሰሉ የሚቀጣጠልበት ጓሮ አጠገብ ከሆነ የምትተኛው፣ ቦታዋን ለውጡ። አንገቷን የሚያንቀው ሰንሰለትም ያስላል፤ ደረቷን የሚይዝ ማሰሪያ አድርጉላት። ዘበኛው ወይም የቤት ሠራተኛዋ ደግሞ በቅንነት ነጭ ሽንኩርት በማር ደቁሰው እንዳይሰጧት ከወዲሁ ንገሯቸው፤ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ማሩ ብቻውን፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ለብ ባለ ውሃ፣ ላደገ ውሻ ችግር የለውም፤ ለቡችላና ስኳር ላለባት ግን አይሆንም።

ጠያቂ፣ ለገጣፎ
እግዜር ይስጥልኝ። ሮቢተሲኑ ዴክስትሮሜቶርፋንና ጉዋይፌነሲን ነው። «ስኳር የሌለው» ይላል።

ፋርማሲስት፣ ሰሚት
ጉዋይፌነሲኑ አክታ የሚያቀጥን ነው፣ ለደረቅ ሳል አያስፈልጋትም። የሚያሳስበው «ስኳር የሌለው» የሚለው ነው። ረዳት ንጥረ ነገሮች የተዘረዘሩበትን እይ፦ ማጣፈጫው ሶርቢቶል ወይም ሳካሪን ከሆነ እንደዚያ አያስፈራም፤ ዛይሊቶል ከሆነ ግን አንድ ጠብታ አይነካት። በኪሎ 0.1 ግራም፣ ለሷ 1.2 ግራም መሆኑ ነው፣ የደም ስኳሯን ይጥላል። በግማሽ ሰዓት ውስጥም፣ ከሰዓታት በኋላም ሊጀምር ይችላል፦ መዛል፣ መንገዳገድ፣ መንቀጥቀጥ። ቀድማ ልሳው ከሆነ ምልክት አትጠብቂ፤ ጠርሙሱን ይዘሽ ወዲያው ወደ ሐኪም ውሰጃት። መንገድ ላይ ከተዝለፈለፈች ድዷን ማር ቀቢ። የምታንቀጠቀጥ ከሆነ እጅሽን አፏ ውስጥ አታስገቢ። ለመርዝ የሚሰጠውን የሕክምና ከሰል መጋት እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም።