ስኬች እና ድሮዊንግ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በእርሳስ የሳልኩትን የፊት ሥዕል ለጥፌ አንዱ በእንግሊዝኛ «ናይስ ስኬች» አለኝ። ሌላው ደግሞ «መስመሮችህ ስኬቺ ናቸው» ብሎ አለፈ። ያን ያህል የለፋሁበትን ሥዕል ስኬች ማለት ሙገሳ ነው ሽሙጥ? ከድሮዊንግስ በምን ይለያል?

መልስ፦
አይዞህ፣ የመጀመሪያው አልነካህም። ድሮዊንግ በእርሳስና በመሳሰለው በመስመር ለሚሳል ሥዕል ሁሉ ሰፊው ስም ነው። ስኬች እዚያው ውስጥ ያለ፣ ቶሎ ቶሎ የሚነደፍ ነገር ነው። ችግሩ ብዙ ሰው በእርሳስ የተሣለ ነገር ባየ ቁጥር፣ ተለፋበት አልተለፋበት፣ ስኬች ይለዋል። ሁለተኛው ግን አስተያየት ነው የሰጠህ። ጉንጩን በአንድ መስመር ከማውረድ ይልቅ አጫጭር መስመር እየደራረብክ ጠርዙ ፀጉር ያበቀለ አስመስለኸው ይሆናል። ስኬቺ የሚሉት እሱን ነው። እርሳሱን ላላ አድርገህ ያዝ፤ በጣትህ ብቻ ሳይሆን ከትከሻህ ጀምረህ ክንድህን እያንቀሳቀስክ ሳል።

መልስ፦
ፍጥነቱ ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ ባይ ነኝ። ስኬች ሠዓሊው እያሰበ የሚጭረው ነው። ሠዓሊው ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1937 ጌርኒካ የተባለውን ሥዕሉን ሲሠራ ፈረሱንና በሬውን መጀመሪያ ወረቀት ላይ ደጋግሞ ሞክሯቸዋል። ደግሞ ሁልጊዜ ከዋናው ሥራ በፊት የሚመጣም አይምሰላችሁ፦ ሠዓሊው ቫን ጎህ የጨረሰውን ሥዕል ስኬች አድርጎ ለወንድሙ ለቴዎ በሚልከው ደብዳቤ ውስጥ ይከት ነበር። አንድ እጅ ወይም የልብስ እጥፋት ብቻ ነጥሎ፣ ጊዜ ወስዶ የሚያጠና ሥዕል ሲሆን ግን ስሙ ስተዲ ነው። እነዚህን ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው።

መልስ፦
ቃሉ ከሥዕልም ውጭ ይሄዳል። «ስኬች አውት ኤ ፕላን» ካሉህ ዝርዝሩን ትተህ ዋና ዋናውን ንገረን ማለታቸው ነው። አጭር የኮሜዲ ድራማም ስኬች ይባላል። ስኬቺ ላይ ግን ጠንቀቅ በል። ስለ መስመር ሲሆን ያልጠራ ማለት ነው፣ ስለ መረጃ ሲሆን ጎደሎ። ስለ ሰው ወይም ስለ ሰፈር ሲሆን ደግሞ የማያስተማምን፣ የሚያጠራጥር ማለት ነው። ስለዚህ የሰውን ሥዕል ልታደንቅ ብለህ «ስኬቺ» እንዳትል!

ጠያቂው፦
ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ጉንጩን አጉልቼ አየሁት፣ እውነትም ፀጉር አብቅሏል 😂