የኢሜይል አድራሻችንን በስልክ ፊደል በፊደል ስናገር እንግዶቹ የሚጽፉት ሌላ ነው፤ እባካችሁ አሁኑኑ እርዱኝ

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። ነገ ጠዋት በ1 ሰዓት ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ የምንወስዳቸው ስምንት እንግዶች አሉን። የስም ዝርዝራቸውን በኢሜይል እንዲልኩልን አድራሻችንን ሦስት ጊዜ በስልክ ነገርኳቸው፤ ሦስቱንም ጊዜ የላኩት ተመልሶባቸዋል። ማታ 2 ሰዓት ላይ እንደገና ይደውላሉ። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?

የዐባይ ማዶ ልጅ፦ እንዴት አድርገው እንደተናገሩ ሳናውቅ ስሕተቱን ማግኘት አንችልም። እንዳሉት አድርገው ይጻፉልን።

ጠያቂ፦ ይቅርታ፣ ቸኩዬ ነው። አድራሻው የሚጀምረው በቦታው ስም፣ በዘጌ ነው፤ «ዜድ፣ ኤ፣ ጂ፣ ኢ፣ ኤ» አልኳቸው፤ ቀጥሎ ከታች የምትሰመረዋን ዳሽ፣ ከዚያ 21 ቁጥርን።

ጡረተኛ መምህር፦ ችግሩ እዚሁ ላይ ነው። በእኛ ፊደል ሣልሱ «ኢ»፣ ኃምሱ «ኤ» ስለሆነ፣ የእንግሊዝኛውንም አናባቢ በዚያው ድምፅ እንጠራዋለን። በእንግሊዝኛ ግን 1ኛው ፊደል «ኤይ»፣ 5ኛው «ኢ»፣ 9ኛው «አይ» ይባላል። ስለዚህ እርስዎ 5ኛውን ለማለት «ኤ» ሲሉ እንግዶቹ 1ኛውን ፊደል ጻፉ፤ 9ኛውን ለማለት «ኢ» ሲሉ ደግሞ 5ኛውን። ከአምስቱ ፊደሎች በትክክል የደረሷቸው ዜድና ጂ ብቻ ናቸው። ይህን አላዋቂነት አድርገው አይቁጠሩት፤ ከ1400 እስከ 1700 ገደማ በነበሩት ዘመናት የእንግሊዝኛ ረጃጅም አናባቢዎች ድምፃቸውን ከመቀየራቸው በፊት እንግሊዞቹ ራሳቸው ወደ እርስዎ አጠራር የቀረበ አጠራር ነበራቸው፤ ጣሊያኖች ደግሞ እስከ ዛሬ 5ኛውን «ኤ»፣ 9ኛውን «ኢ» ይላሉ።

የቀበሌ 14 ነዋሪ፦ እኔ በጥያቄው አልስማማም። አድራሻን በድምፅ ማስጻፍ ለምን አስፈለገ? በጽሑፍ መልእክት ይላኩላቸውና ይገላገሉ።

ጠያቂ፦ አስቤው ነበር፤ ነገር ግን የሚደውሉት ካረፉበት ሆቴል መደበኛ ስልክ ስለሆነ መልእክት የምልክበት ቁጥር የለኝም።

ትኬት ቆራጭ፦ እኛ ቢሮ የመንገደኛ ስም በስልክ ስንቀበል አብራሪዎች በሚጠቀሙበት፣ እያንዳንዱን ፊደል በእሱ በሚጀምር ቃል በሚጠራው የፊደል መጥሪያ ነው፤ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1956 ሥራ ላይ ያዋለው ነው። የእርስዎ ቃል «ዙሉ፣ ኤኮ፣ ጎልፍ፣ ኢንዲያ፣ ኤኮ» ይሆናል። አሜሪካውያን ዜድን «ዚ» ስለሚሉት በስልክ ከ«ሲ» ጋር ይምታታል፤ «ዙሉ» ካሉ ግን የሚያሳስት ነገር የለም።

የጣና ዳር፦ «ዳሽ» ያሉትን ማንም አላነሣውም። ዳሽ ሲባል የሚሰማ ሰው መሐል ላይ የምትሰመረዋን፣ ማለትም ሃይፈንን ይጽፋል። ከታች የምትሰመረዋ «አንደርስኮር» ናት። አናባቢዎቹ ቢስተካከሉ እንኳ በዚህች አንዲት መስመር ምክንያት መልእክቱ አይደርስዎትም ነበር።

የዐባይ ማዶ ልጅ፦ እኔም ዙሉ፣ ኤኮ የሚለውን ነው የምመክረው።

ጡረተኛ መምህር፦ ነገ በጀልባው ላይ ክብራንን ሲያሳዩዋቸው ደሴትን «አይስላንድ» እንዳይሉ አደራ፤ እሱ የአገር ስም ነው። ትክክሉ «አይላንድ» ነው። በመሐል የተጻፈችው «ኤስ» ድሮ በቃሉ ውስጥ አልነበረችም፤ ቃሉ ከላቲኑ «ኢንሱላ» የመጣ መስሏቸው ሊቃውንት ኋላ ያስገቧት ናት፤ ስለዚህ ትጻፋለች እንጂ አትነበብም። ደረሰኝ ለማለት በሚጻፈው የእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ ያለችው «ፒ»ም እንዲሁ አትነበብም፤ «ሪሲት» ብለው ይለፏት።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። «ዙሉ፣ ኤኮ፣ ጎልፍ፣ ኢንዲያ፣ ኤኮ፣ አንደርስኮር፣ ቱ፣ ዋን» ብዬ በወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ። 2 ሰዓት ሊሆን 10 ደቂቃ ቀርቶታል።

የጣና ዳር፦ ከ«ዋን» በኋላ «አት» ማለትን አይርሱ። ጻፉት ብለው ብቻ አይተዉት፤ የጻፉትን መልሰው እንዲያነቡልዎት ይጠይቋቸው።

ትኬት ቆራጭ (በማግስቱ)፦ ዝርዝሩ ደረሰዎት? ጀልባውስ በሰዓቱ ተነሣ?