እህቴ የቁንጭር ሕክምናዋን እዚህ ትጀምር ወይስ ስትመለስ?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ የምታውቁ ምከሩን። እኛ ፒያሳ ነን። ታናሽ እህቴ የምትኖረው ስዊድን ነው። አምና መጥታ ጋሞ ደጋ፣ ኦቾሎ ዘመድ ጥየቃ ሄዳ ነበር። ገደሉ ሽኮኮ የሚበዛበት፣ ቁንጭር የሚባለውን የቆዳ በሽታ የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ያለበት ቦታ ነው። ከተመለሰች ከወራት በኋላ አፍንጫዋ አጠገብ እብጠት ወጣባት። የማያም የማይቆጠቁጥም ስለሆነ ማንም ከምር አልወሰደውም። እዚያ አንቲባዮቲክና የፈንገስ ቅባት ሰጧት፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። ዘንድሮ ስትመጣ እናታችን ገና እንዳየቻት "ይሄማ ቁንጭር ነው" አለች። ከቁስሉ ጠርዝ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይም የበሽታው ጥገኛ ተሕዋስ ተገኘ።

የጨነቀን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሐኪሙ እንዳስረዱን ቁስሉ ትንሽና ከአፍንጫ የራቀ ቢሆን በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ ወይም እዚያው ቁስሉ ላይ መወጋት ሊበቃ ይችል ነበር፤ የሷ ግን ወደ አፍንጫዋ ውስጥ እየገባ ስለሆነ የሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት መርፌ በየቀኑ ለ28 ቀን፣ ልቧና ጉበቷ እየተመረመረ መውሰድ አለባት። ትኬቷ ከዚያ በፊት ነው። ሚልቴፎሲን የሚባል የሚዋጥ መድኃኒትም አለ፣ ግን ፅንስ ስለሚጎዳ እርግዝና መከላከያ ግድ ነው።

እዚያ ደግሞ የእኛን አገር የጥገኛ ተሕዋሱን ዝርያ፣ ሊሽማኒያ ኤቲዮፒካን፣ ስንቱ ሐኪም አይቶ ያውቃል? ፊቷ ነው፣ ጠባሳውም ያሳስበኛል።

እዚህ ጀምሮ ውጭ የጨረሰ አለ? ትኬቱን እናራዝም? አለርት ሆስፒታል የታከማችሁ ካላችሁ፣ ወረፋው እንዴት ነው? መድኃኒቱስ ሳይቋረጥ ይገኛል?