ከላፕቶፕ ወደ ብሉቱዝ ስፒከር የሚሄደው ሙዚቃ ይቆራረጣል፤ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ስፒከሩ ከላፕቶፑ 4 ሜትር ያህል ይርቃል፣ መሃላቸው ግድግዳ የለም። ዘፈኑ ደህና ይጀምርና ከኢንተርኔት ፋይል ማውረድ ስጀምር ይቆራረጣል፤ አንዳንዴ ሁለት ሰከንድ ሙሉ ዝም ይላል። ስልኬን ከዚያው ስፒከር ጋር ሳገናኘው ግን አንድም ጊዜ አልተቋረጠም፤ ስለዚህ ስፒከሩን አልጠረጥርም።

ስፒከሩን ከላፕቶፑ ሰርዤ እንደ አዲስ አገናኘሁት፣ ለውጥ የለም። ዋይፋይ አጥፍቼ ላፕቶፑ ላይ የተጫነ ዘፈን ስከፍት ግን ጥርት አለ። ራውተሬ 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው ያለው፤ ብሉቱዝም እዚያው ሞገድ ላይ ነው፤ ላፕቶፑ ውስጥ ደግሞ ዋይፋዩና ብሉቱዙ አንድ ካርድ ይጋራሉ። የራውተሩን የቻናል ስፋት ከ40 ወደ 20 ሜጋኸርዝ አውርጄ ቻናል 1 ላይ ሳስቀምጠው ተሻለ እንጂ አልጠፋም። ላፕቶፑ ጎን የተሰካውን የዩኤስቢ 3 ሃርድ ዲስክ ስነቅለው ደግሞ መቆራረጡ በግማሽ ቀነሰ (ለካ እሱም እዚያው ሞገድ ላይ ይረብሻል!)።

የስፒከሩ ማይክ ተከፍቶ ነው እንዳትሉኝ፤ ያኔማ ድምፁ እንደ ስልክ ጥሪ ይቀጥናል እንጂ አይቆራረጥም።

አሁን የቸገረኝ ምርጫው ነው። የኪራይ ቤት ስለሆነ ግድግዳ በስቼ የኔትወርክ ኬብል መዘርጋት አልችልም። ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ብሉቱዝ ገዝቼ በ1 ሜትር ማራዘሚያ ገመድ ከላፕቶፑ ባርቀው ይበቃል? ወይስ 5 ጊጋኸርዝ ያለው ራውተር ይሻላል? የዩኤስቢውን ከገዛሁ የላፕቶፑን የራሱን ብሉቱዝ ዲቫይስ ማኔጀር (የዊንዶውስ የመሣሪያዎች ዝርዝር) ውስጥ ገብቼ ማጥፋት አለብኝ?