የጡረተኛ መኮንን አባታችንን የሕይወት ታሪክ ለሙት ዓመት እንዴት እናዘጋጅ?

ጠያቂ፦ የኮሎኔሉ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የአባታችን ሙት ዓመት እየደረሰ ነው። ቀብር ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ በጥድፊያ የተጻፈ ግማሽ ገጽ ስለነበር፣ አሁን ቤተ ክርስቲያን የሚነበብ ጽሑፍና ለቤተ ዘመድ የሚታደል ባለ 8 ገጽ ትንሽ መጽሔት አስበናል። በእጃችን ያለው ይኼ ነው፦ የሐረር ጦር አካዳሚ ምሩቅ ናቸው፤ ኦጋዴን ዘምተዋል፤ ከዚያ አስመራ ተመድበዋል፤ 1983 ሲደርስ ሌተናል ኮሎኔል ነበሩ፤ 6 ልጆች አሳድገዋል። የተወለዱት በ1930 አካባቢ ነው።

አጎታችን «ኮሪያም ዘምቷል» ይላሉ፣ እናታችን ደግሞ «ኮንጎ ነው እንጂ» ይላሉ። አንድ የተባበሩት መንግሥታት ሜዳይ ሣጥን ውስጥ አለ። ከየት እንጀምር? ከ1983 በኋላ ያለውንስ እንዴት ይጻፉታል?

መልስ 1፦ ማኅደር አገላባጭ

እናታችሁ ሳይሆኑ አይቀሩም ትክክል። የኮሪያው ተኩስ አቁም የተፈረመው ሐምሌ 1945 ነው። የሐረር አካዳሚ ግን በ1950 ገደማ በሕንድ መኮንኖች አሠልጣኝነት የተጀመረ ሲሆን ትምህርቱ 3 ዓመት ይፈጅ ነበር። ስለዚህ የአካዳሚው ምሩቅ በመኮንንነት የኮሪያን ጦርነት ሊዋጋ አይችልም። የሚቀረው ዕድል በክብር ዘበኛ (በንጉሡ ጠባቂ ጦር) ተራ ወታደርነት ከቃኘው ሻለቆች (ወደ ኮሪያ ከተላኩት የኢትዮጵያ ጦር ክፍሎች) በአንዱ ዘምተው ኋላ አካዳሚ መግባት ነው፤ ግን በ1930 የተወለደ ሰው የመጀመሪያው ቃኘው በሚያዝያ 1943 ሲነሣ የ13 ዓመት ልጅ ነው። ኮንጎ ግን በደንብ ይገጥማል፤ ጦራችን በተባበሩት መንግሥታት ሥር እዚያ የቆየው ከ1952 መጨረሻ እስከ 1956 ነው።

ክርክሩን የሚዘጋው ሜዳዩ ነው። የኮሪያው ሪባን ሰማያዊና ነጭ ቀጫጭን መስመሮች እየተፈራረቁ የሚወርዱበት ነው፤ ከሪባኑ ሥር ባለችው የብረት ማያያዣ ላይ የአገሩ ስም ተቀርጿል፣ ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው ደግሞ ጽሑፉ በአማርኛ ነው። የእናንተው እንዲህ ካልሆነ ኮሪያን እርሱት። ሁለቱንም ገጽ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሡ፤ በፖሊሽ አትወልውሉት፣ ጽሑፉን ይበላዋል።

ለቀኖቹ መጀመሪያ የጡረታ ፋይላቸውን ፈልጉ። የቅጥር ቀን፣ የመጨረሻ ማዕረግ፣ ደመወዝና የአገልግሎት ዘመን አንድ ላይ የሚገኘው እዚያ ነው። ቀጥሎ የማዕረግ ዕድገት ደብዳቤዎች፣ የዝውውር ትእዛዞች፣ የድሮ መታወቂያዎች። ከዚያ በኋላ ነው የዘመድ ትዝታ። ብዙ ቤተሰብ ተገላቢጦሽ ይሄድና አንድ ዘመቻ ሁለት ጊዜ ይቆጥራል።

የልደት ዘመን ላይ ተጠንቀቁ። ፋይሉ ላይ ያለው ሲቀጠሩ ያስመዘገቡት ነው፤ ቤተሰብ ከሚያውቀው በ2 ወይም 3 ዓመት ቢለይ አይግረማችሁ። «በ1930 ዓ.ም. ገደማ» ብሎ መጻፍ ነውር የለውም።

መልስ 2፦ የቀድሞ ሠራዊት

ማዕረግ ላይ የሚሠራው ስሕተት ብዙ ነው። በደብዳቤ ላይ «ሻ/ል» ሻምበል ነው፣ «ሻ/ቃ» ሻለቃ ነው፣ «ሻ/ባሻ» ደግሞ ሻምበል ባሻ፣ ማለትም የበታች ሹም እንጂ መኮንን አይደለም። «በ2ኛ ሻለቃ» የሚል ካገኛችሁ የጦር ክፍሉ ነው፤ «በሻለቃነት አገለገሉ» ብላችሁ እንዳትገለብጡት። የአካዳሚ ምሩቅ የሚጀምረው ከምክትል መቶ አለቃ ነው፤ ቀጥሎ መቶ አለቃ፣ ሻምበል፣ ሻለቃ፣ ሌተናል ኮሎኔል። ለእያንዳንዱ ዓመት ካላገኛችሁ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ብቻ ጻፉ፤ መሐሉን በግምት አትሙሉት፤ የኮርስ ጓደኞቻቸው ቁጭ ብለው ሲያዳምጡ ወዲያው ያውቁታል።

ፎቶ ላይ ቀን ከሌለ ትከሻውን እዩ። እስከ ሻምበል ድረስ ኮከቡ እየጨመረ ይሄዳል። ቆቡ ላይ ዘውድ ካለ ፎቶው ከንጉሡ ዘመን ነው። ጀርባውን ደግሞ ገልብጡት፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ከተማውን ይነግራችኋል።

የቦታና የጦር ክፍል ስም በጊዜው በነበረው ይጻፍ። ከ1966 በፊት «ሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት» እና «3ኛ ክፍለ ጦር» ነው፤ በደርግ ዘመን ክፍለ ሀገር ተባለ። አስመራ የነበረው ጦር በኋላ «ሁለተኛ አብዮታዊ ሠራዊት» ሆነ፣ ወረቀቱ ላይ «ሁአሠ» ተብሎ ታገኙታላችሁ። ከስማቸው በፊት «ጓድ» የሚል ካለ ማዕረግ ስላልሆነ ተዉት።

ኦጋዴንን «በኦጋዴን ጦርነት ተሳትፈዋል» ብላችሁ አትለፉት። የሶማሊያ ወረራ የተጀመረው ሐምሌ 1969 ነው፤ ጅጅጋ በመስከረም 1970 ተይዛ የካቲት 26 ቀን 1970 ተመለሰች። እሳቸው በየትኛው ወር የት ነበሩ? ጅጅጋ ስትለቀቅ ወይስ ስትመለስ? ጅጅጋ አጠገብ ካራማራ ተራራ ላይ ነበሩ ወይስ ድሬዳዋ መከላከያ ላይ? ይህን የሚያውቅ አንድ የጦር ጓድ ብታገኙ ከ10 ዘመድ ይሻላል። ሄዳችሁ ስታነጋግሩ «ስለ አባታችን ንገሩን» አትበሉ፣ ምስጋና ብቻ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ፎቶ ይዛችሁ ሂዱና «ይኼ የት ነው? አጠገባቸው ያለው ማነው? ያኔ አዛዡ ማን ነበር?» በሉ።

ስለ 1983፦ ግልጽና አጭር። «በግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን በ… ነበሩ፤ በ… የተሐድሶ ካምፕ ለ… ወራት ከቆዩ በኋላ ወደ ቤተሰባቸው ተመለሱ» ይበቃል። ታስረውም ከነበረ ታስረው ነበር ይባል፤ መዝለሉ ነው ጥርጣሬ የሚያመጣው። ከዚያ በኋላ ምን ሠርተው ልጅ እንዳሳደጉ ግን ዘርዝሩ። ጥበቃም ሆነ ሹፍርና ወይም እህል ንግድ፣ በሥራው ስም ይጻፍ። «በልዩ ልዩ የግል ሥራ» የሚለው ሐረግ ለእኔ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ሰውየው ያፈሩበት ያስመስለዋል።

መልስ 3፦ እናት ዓለም

እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ወታደሩን ነው። የቤተሰቡ ነገር በየጽሑፉ መጨረሻ ላይ «ባለትዳርና የ6 ልጆች አባት ነበሩ» ተብሎ ያልቃል፤ እናንተ እንዲህ አታድርጉ።

ቀላሉ መንገድ የልጆቹ ልደት ነው። 6ቱ ልጆች የት የት፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለዱ? ክርስትና የት ተነሡ? በአንድ ዓምድ ይህን፣ ጎን ለጎን ምድባቸውን ጻፉ። አንደኛው ሐረር፣ ሦስተኛዋ ጅጅጋ፣ አምስተኛው አስመራ ከሆነ የዝውውሩ ታሪክ ግማሹ ተገኘ። ሳይገጥም ሲቀር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሆነው አባት ግንባር፣ እናት ልትወልድ ወላጆቿ ዘንድ መሄዷ ነው። እሱም ራሱ መጻፍ ያለበት ነገር ነው።

እናታችሁን የምትጠይቁት ይኼንን ነው፦ እሳቸው ግንባር ሳሉ ደመወዙን ማን በውክልና ይቀበል ነበር? ደብዳቤ በማን እጅ ይመጣ ነበር? ከጦር ሰፈሩ ቤት ሲለቀቅ ዕቃው በምን ተጫነ? የትኛው ልጅ ስንት ትምህርት ቤት ቀየረ? ፈቃድ ሲመጡ መጀመሪያ ምን ያደርጉ ነበር፣ ደብተር ማየት ወይስ ጫማ ማስጠረግ? አባትነታቸው የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

የእናታችሁ ስም በመጀመሪያው ገጽ ይግባ፣ ጋብቻው ከተፈጸመበት ዓመት ጋር። የሞቱ ልጆች ካሉም ይቆጠሩ። ስማቸው ቀርቶ ያየሁት ጽሑፍ አለ፤ እናትየዋ ያንን ብቻ ነው የሰሙት።

መልስ 4፦ ዲያቆኑ

ቤተ ክርስቲያን የሚነበበው ከ2 ገጽ አይብለጥ፤ በእርጋታ ሲነበብ 7 ወይም 8 ደቂቃ ነው። ፊደሉን 16 አድርጋችሁ አትሙት። ቀኑን «26/6/70» ሳይሆን «የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም.» ብላችሁ ጻፉ፣ አንባቢው እንዳይደናቀፍ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንቱታ ይሁን፤ ከልጅነታቸው ላይ «ተወለደ፣ አደገ» ብሎ ጀምሮ «ተመረቁ» ማለት የተለመደ ጥፋት ነው። ለጸሎቱ የክርስትና ስማቸውን ለካህናቱ አስቀድማችሁ ስጡ።

ጠያቂ፦ የኮሎኔሉ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሜዳዩን አየነው፤ ማያያዣውም የአማርኛ ጽሑፍም የለውም፣ ሪባኑም ቀጫጭን መስመር አይደለም። አጎታችንም ተቀብለዋል። አንድ የቀረን፦ አሜሪካ ለኮርስ ሄደው ያመጡት የምስክር ወረቀት በፈረንጅ ቀን ነው። ወደ እኛ ዓመተ ምሕረት ለመመለስ 7 ነው 8 የምንቀንሰው?

መልስ 5፦ ማኅደር አገላባጭ

ከሴፕቴምበር 11 እስከ ዲሴምበር 31 ከሆነ 7፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ሴፕቴምበር 10 ከሆነ 8 ቀንሱ። ከፈረንጆች ሰግር ዓመት (ፌብሩዋሪ 29 ቀን ከሚሆንበት) በፊት ባለው መስከረም አዲስ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ስለሚውል አንድ ቀን ይገፋል። ለማመሳከር፦ ማርች 5 ቀን 1978 የካቲት 26 ቀን 1970 ነው። የምስክር ወረቀቱን በ300 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ) ስካን አድርጉት፤ በስልክ የተነሣ ፎቶ ሲታተም ማኅተሙ ይጠፋል። 8 ገጽ ማሰባችሁ ደህና ነው፣ መሐሉ ላይ በስፌት የሚያዝ መጽሔት በ4 የሚካፈል ገጽ ነው የሚፈልገው።