በመርከብ ላይ የጾም ሰዓት በየትኛው ይቆጠራል?

ከእናቴ ጋር ከሳውዝሃምፕተን ወደ ኒውዮርክ በ7 ሌሊት በሚያቋርጥ ትልቅ የመንገደኞች መርከብ ላይ ነን፤ ዛሬ በዙሪያችን ከአትላንቲክ ውኃ በቀር የሚታይ የለም። ጉዞው በፍልሰታ ስለዋለ እናቴ እስከ 9 ሰዓት ይጾማሉ። ችግሩ ግን ወደ ምዕራብ ስንሄድ የሁለቱን አገሮች የ5 ሰዓት ልዩነት ለማካካስ የመርከቡ ሰዓት በአብዛኞቹ ሌሊቶች በ1 ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ስለዚህ ከአንዱ ቀን ማዕድ እስከ ቀጣዩ 25 ሰዓት ይሆንባቸዋል። መናወጡ ስለሚቀንስ በመርከቡ መካከል፣ ዝቅተኛው ወለል ላይ ተቀምጠው ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ፤ ሆኖም ባዶ ሆዳቸው ማቅለሽለሹን አብሶባቸዋል። (የከሰዓቱ ሻይና ኬክ ሽታ እኔንም ይፈታተነኛል።) በተነሣንበት አገር ሰዓት ቢገድፉ ጾማቸው ይፈርሳል ወይ? ይህን ለንስሐ አባቱ አቅርቦ መልስ ያገኘ ሰው ካለ፣ እንዲሁም ማቅለሽለሹን የሚያስታግስ የጾም ምግብ የሚያውቅ ካለ፣ እንዲጠቁመኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።