ሰሌዳው በስፖንጅ ተሸፍኖ የዲኤንኤ ውጤቱ ለምን አነሰ?

ጥያቄ፦
በሃዋይ ካኔኦሄ ባሕረ ሰላጤ ሪፍ ላይ ከቆየ አርምስ (የባሕር ፍጥረታት እንዲሰፍሩበት የሚቀመጥ፣ 9 የፒቪሲ ሰሌዳዎች የተደራረቡበት መዋቅር) የተፋቀውን በሙሉ በብሌንደር ፈጭተን ዝርያ ለመለየት የሚያገለግለውን የሲኦአይ ጂን 313 ቤዝ ቁራጭ ሲኩዌንስ አደረግን (የዲኤንኤ ፊደሎቹን ቅደም ተከተል አነበብን)። በፎቶው ሰሌዳው ስፖንጅ (ተጣብቆ የሚኖር የባሕር እንስሳ) ብቻ ነው፤ በውጤቱ ግን የወጣው ጥቂት የስፖንጅ ስም ነው። የንባቡን ብዛት (ማሽኑ የሚያነባቸውን የዲኤንኤ ቁራጮች ቁጥር) እንጨምር?

መልስ 1፦
ንባብ ማብዛት ብዙም አይረዳችሁም። በተፈጨ ድብልቅ ውስጥ ፕራይመሩ (ጂኑ እንዲባዛ የሚያስጀምረው አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) በደንብ የሚገጥምለት ትልና ሸርጣን ቀድሞ ይባዛል፣ ስፖንጁ ወደ ኋላ ይቀራል። ደግሞ ሲኦአይ በአብዛኞቹ ስፖንጆች የሚለወጠው በጣም በዝግታ ነው፤ በ97% መመሳሰል ስትመድቡት ሁለት ዝርያ አንድ ሆኖ ይወጣል። የኖራ አጽም ያላቸው ካልካርያ የሚባሉት ስፖንጆችማ በተለመደው ፕራይመር ብዙውን ጊዜ ጭራሽ አይወጡም። ከዚያው ዲኤንኤ 28ኤስ የሚባለውን ሌላ ጂን ጨምሩበት።

መልስ 2፦
ዝርያው ከታወቀ ስፖንጅ የተወሰደ ማነጻጸሪያ ሲኩዌንስ ከሌለ 28ኤስም «ያልታወቀ ስፖንጅ» ከማለት አያልፍም። ሌላ ጊዜ ከመፋቃችሁ በፊት ሰሌዳውን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንሡ፤ ከየዓይነቱ ጥፍር የሚያህል ቁራጭ ቆርጣችሁ 95% ኢታኖል ውስጥ ክተቱ። ስፖንጅ ውሃ አዝሎ ስለሚመጣ አልኮሉን ያቀጥነዋል፣ በማግስቱ ቀይሩት። ፎርማሊን አይታሰብም።

ከቁራጩ ግማሹን ለዲኤንኤ፣ ግማሹን ለስፒኪውል (የስፖንጁ አጽም ለሆኑት ጥቃቅን መርፌዎች) አድርጉት። በረኪና ሥጋውን ሲበላው ስፒኪውሉ ከሥር ይዘቅጣል፤ ሦስት አራት ጊዜ በውሃ፣ በመጨረሻ በአልኮል አጥባችሁ ስላይድ ላይ አድርቁት። አሲድ ግን የኖራውን አጽም ያሟሟዋል። ስላይዱ ባዶ ከሆነ አጽሙ ፋይበር ብቻ የሆነ ስፖንጅ ሊሆን ይችላል፤ በረኪናው እሱንም በልቶታል። በምላጭ ስስ አድርጎ ቆርጦ ማየት ነው።

ጠያቂ፦
ከነጠላ ቁራጭም ፒሲአሩ (ጂኑን የማባዛቱ ሥራ) እምቢ ይላል፤ ዲኤንኤው ግን ሲለካ ብዙ ነው።

መልስ 1፦
መለኪያው የባክቴሪያውንም ይቆጥራል፣ አንዳንድ ስፖንጅ ደግሞ በባክቴሪያ የታጨቀ ነው። ዲኤንኤውን 1፡10 እና 1፡50 አቅጥኑ፣ ቢኤስኤ (ፒሲአሩን የሚያግዱ ነገሮችን የሚይዝ ፕሮቲን) ጨምሩ። ሲቀጥን ከወጣ ያገደው የስፖንጁ ኬሚካል ነበር። ያም ካልሠራ በደንብ የሚታወቅ ዝርያ፣ ለምሳሌ እዚያው ባሕረ ሰላጤ በመጤነቱ የታወቀውን ብርቱካናማ ማይካሌ ግራንዲስ፣ አብራችሁ አስገቡ። እሱ ወጥቶ ሌላው ከቀረ ፕራይመሩን ጠርጥሩ።

መልስ 2፦
ጥርት ያለ ሲኩዌንስ ቢወጣም ቶሎ አትመኑት፤ በስፖንጁ የውሃ ቦዮች ውስጥ የሚኖር ትል ሊሆን ይችላል። ከስፒኪውሉ ጋር ካልተስማማ ገጽታውንና ቦዮቹን ትታችሁ ከውስጥ ደግማችሁ ቁረጡ።